የተፈቀደልን ሳይጠየቅ እንዳይቀር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ፣ መምህራንና የተማሪ ወላጆች በተሰበሰቡበት፣ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





በዚህ በደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳይ ግን ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞቼና እኅቶቼ አጥግበው ተናግረዋል። እኔ የመረጥሁት ነገር ለበዓል ቀን ትንሽ የሚከብድ ነው፤ ይኸውም መንግሥት በሕግ ለሕዝቡ የፈቀደው ገንዘብና ድጋፍ፣ ባለመብቱ ሳያውቀው ወይም እንዴት እንደሚጠየቅ የሚነግረው አጥቶ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ተጽፎ የሚቀርበት ምክንያት ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ ለመንደሩ ሊሠራው ከሚችለው ሥራ አንዱ ይህ ነው ብዬ ስለማምን መረጥሁት።

በራያ ቆላ ጎርፍ እንዴት እንደሚጠለፍ እዚህ ለተቀመጣችሁ አባቶች ማስረዳት ለእኔ ድፍረት ይሆንብኛል። ዝናብ በምዕራቡ ደጋ ሲጥል ጎሊናና ሆርማት ሞልተው ይወርዳሉ፤ መቼ እንደሚወርዱ ግን ቀጠሮ አይሰጡም። ቦዩን አስቀድሞ የጠረገ ገበሬ ማሽላው ይጠጣል፤ ያልጠረገው ግን ውሃው በደጁ ሲያልፍ ድምፁን ብቻ ይሰማል። ከመንግሥት የሚወጣውም ገንዘብ ከዚህ ብዙ አይለይም። ከአዲስ አበባ ይነሣል፣ ወደ ክልል ይወርዳል፣ ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይደርሳል። ከቀበሌው እስከ እያንዳንዱ ቤት ድረስ ያለችውን የመጨረሻዋን ቦይ ግን ባለቤቱ ራሱ ካልጠረጋት የሚጠርግለት ብዙ የለም።

በመጀመሪያ ስለ ይሉኝታችን ልናገር። የአገራችን ሰው ኩሩ ነው፤ ከሰው እጅ ማየትን አይወድም። እንግዳ ሲመጣበት የቤቱን የመጨረሻ ዱቄት ያቀርባል እንጂ ማጣቱን አይናገርም። ይህ ጠባይ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ይኸው ኩራት አንድ ነገር ከሌላው እንዳንለይ አድርጎናል፤ ምጽዋትንና መብትን አንድ ላይ አስሮ ሁለቱንም ልመና ብሎ ጠርቷቸዋል። ጡረታ የሟቹ ደመወዝ ቅሪት ነው። የጤና መድን የሰው ሁሉ መዋጮ ነው። የአካባቢ ሥራ ክፍያ የላብ ዋጋ ነው። እነዚህን የጠየቀ ሰው የራሱን ጠየቀ እንጂ የማንንም ደጅ አልጠናም። አባቶቻችንስ ቢሆኑ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለው የተረቱት ኩራት ስላልነበራቸው ነውን?

ሕገ መንግሥቱም ይህንኑ ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ ማድረግ እንዳለበት ደንግጓል። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የምትለው ሐረግ ብዙ ነገር እንደምትሸሽግ አውቃለሁ። ቢሆንም ጉዳዩን ከደግነት አውጥታ ከግዴታ ውስጥ አስገብታዋለች።

ይህ ልዩነት ለእኛ ለወሎ ሰዎች የመጽሐፍ ነገር አይደለም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን በመታ ጊዜ ከዚህ ቆላ ብዙ ሕዝብ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ የሚያልፍ መኪና ይጠብቅ ነበር፤ የረኀቡ ወሬ ግን ለብዙ ጊዜ ተዳፍኖ ቆየ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ በአጠገባችን በኮረም ምን እንደ ሆነ ዓለም ሁሉ በፊልም አይቶታል። በሁለቱም ጊዜ እርዳታ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የመጣውም በሰጪው ፈቃድ ነው። የተራበው ሰው «ይህን ያህል ይገባኛል፣ በዚህ ወር ይገባኛል» ብሎ የሚጠቅሰው አንድም ወረቀት አልነበረውም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ይህን ለመለወጥ የታሰበ ነበር። በየዓመቱ ለአስቸኳይ እርዳታ ጩኸት ከማሰማት ይልቅ፣ በተደጋጋሚ የምግብ እጥረት የሚያገኛቸውን ቤተሰቦች አስቀድሞ መዝግቦ፣ በታወቀ ወር የታወቀ ገንዘብ ወይም እህል መስጠት ነበር ሐሳቡ። ሲጀመር አምስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አቀፈ፤ ኋላም ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። የእኛም ወረዳ ከታቀፉት አንዱ ስለ ነበረ ከዚህ ከተቀመጥነው መካከል በዚያ ክፍያ ደብተር የተገዛለት ልጅ አይጠፋም።

ፕሮግራሙ በየምዕራፉ መመሪያው ስለሚለወጥ የዛሬውን ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያሻል። መሠረቱ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሥራ መሥራት የሚችል ሰው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ በዚያም ይከፈለዋል። ጉልበት የሌለው ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ታማሚ፣ ጧሪ ልጅም ከሌለው፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ጡት የምታጠባ እናት ደግሞ ከድንጋይ ሸክሙ ወጥታ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር፣ ክፍያዋም እንዳይቋረጥ መመሪያው አዝዟል። ይህን የማታውቅ እናት ግን፣ እርግዝናዋን ብትናገር ከመዝገቡ የምትሰረዝ እየመሰላት፣ እስከ መውለጃዋ ድረስ ድንጋይ ስትሸከም ትኖራለች። ያወቀች ጎረቤቷ አንድ ቃል ብትነግራት ኖሮ ከዚያ ሁሉ ሸክም ታርፍ ነበር።

ስለ መዝገቡም አንድ ነገር አለ። ተጠቃሚውን የሚመርጠው የኅብረተሰቡ ኮሚቴ ነው፤ የተመረጡትም ስማቸው በሕዝብ ፊት እንዲነበብና እንዲለጠፍ፣ ቅር ያለው ሰው ደግሞ ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት ተደንግጓል። አቤቱታ ሰሚው ከመራጩ ኮሚቴ የተለየ እንዲሆን የተደረገው፣ ሰው በራሱ ላይ ፈራጅ እንዳይሆን ነው። ሌላም ነገር ነበር፤ በየቦታው ሁሉንም ለማዳረስ ሲባል ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት በሁለት ወይም በሦስት ነፍስ ብቻ ይመዘገብ ነበር። አሳቡ ከደግነት የመነጨ ይመስላል፤ ነገር ግን ለሦስት ሰው የተሰጠ እህል ሰባት ሰው ሲበላው ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ ቤቱም ከረኀብ ሳይወጣ፣ በመዝገብ ላይ ግን «ተረድቷል» ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ በካርዱ ላይ ስንት ቤተሰብ እንደ ተጻፈ ማንበብ የተማሪ ልጅ የመጀመሪያ ሥራው ነው። አባቱ ማንበብ ባይችል እርሱ ይችላልና።

በሕንድ አገር፣ ራጃስታን በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ያደረጉት ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። በ1990 እ.ኤ.አ. አንድ የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር አቆሙ። መንግሥት ለመንገድና ለኩሬ ሥራ ያወጣው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቁ መልስ አላገኙም። ከዚህ በኋላ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመንደሩ ሕዝቡን እየሰበሰቡ የሥራውን መዝገብ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «እገሌ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተከፈለው» ተብሎ ሲነበብ፣ እገሌ ከተሰብሳቢው መካከል ተነሥቶ «እኔ በዚያ ወር እዚህ አልነበርሁም» ይላል፤ የሞቱ ሰዎች ስም ተነበበ፤ ያልተሠራ ሥራ ተሠራ ተብሎ ተገኘ። ያንን ንባብ ያካሄዱት ሊቃውንት አልነበሩም፤ አብዛኛው ሰሚም ያልተማረ ነበር። ከዚህ ትግል ጀምሮ እየሰፋ ሄዶ በ2005 እ.ኤ.አ. ሕንድ የመረጃ ነፃነት ሕግ አወጣች። እኛ ዘንድም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጠያቂ መረጃ እንዲሰጥ የሚያዝ አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 590/2000 ነው፤ መልሱ የሚሰጥበትንም ጊዜ 30 ቀን አድርጎ ወስኗል። ይህን አዋጅ በቁጥሩ ጠቅሶ የሚያመለክት ሰው በአገራችን ስንት ይሆን? «ነገ ና» የሚለው ጸሐፊ ከቁጥሩ ጋር ሲተያይ ድምፁ እንደሚለሰልስ ግን እኔ ራሴ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጤና መድን ልለፍ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና የእኛው የወሎ ተሁለደሬ ነበሩ። አሠራሩ ዕድርን ለሚያውቅ ሰው አያስቸግርም፤ ሁሉም ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ የታመመው ይታከምበታል። ከዕድር የሚለየው መንግሥት ከላይ የሚጨምርበት መሆኑ ነው፤ በሙከራው ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት የመዋጮውን 25 በመቶ ያህል ይደጉም ነበር። ከዚህም በላይ ጨርሶ መክፈል ለማይችለው ድኻ ክልሉና ወረዳው ተካፍለው ይከፍሉለታል።

እንግዲህ ነገሩ ያለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ማን ነው ጨርሶ መክፈል የማይችለው? ይህን የሚወስነው ቀበሌው ነው፤ ቀበሌው የሚወስነውም በሚያውቀው ነው። ዳር ላይ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ስብሰባ ካልወጣች፣ ስሟን የሚያነሣላት ሰው ከሌለ፣ ከእርሷ የተሻለው ሲመዘገብ እርሷ ትቀራለች። ኮሚቴው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ያልተጠራ ስም ስለማይጻፍ ነው። ዕድርተኛና የዘወልድ ሽማግሌ ጠብ ለማብረድ የሚያደርገውን ጥረት ያህል፣ በምዝገባ ወቅት «እገሊት ተዘንግታለች» ለማለት ቢያደርገው ብዙ ሰው ይድናል።

ለተመዘገባችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ላስታውስ። አንደኛ፣ መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ የመላኪያ ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ለሚሄድ ነው። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ወልድያ ወይም ደሴ የሄደ ሰው ካርድ ይዞም ከኪሱ ይከፍላል፤ ከዚያም በኋላ «መድን ውሸት ነው» እያለ መንደሩን ያሳምናል። ሁለተኛ፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ልጅ ከወላጆቹ ካርድ ጋር እንዲያው አይቆጠርም፤ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅበታል። ጓደኞቼ፣ ይህ እኛን ይመለከታል! ታመን ከተኛን በኋላ ከምንሰማው አሁን ብንሰማው ይሻላል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኑ ውስጥ እንደማይገቡም ለአያቶቻችን ቀደም ብለን ብንነግራቸው ከከንቱ መንገድ እናድናቸዋለን።

ያለ መድን እንኳ በነፃ የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያለ ክፍያ ነው። ይህን ብዙው ሰው ስለሚያውቅ አልዘገይበትም።

ብዙ የምዘገይበት ጡረታ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ በኩል የሚጠፋው ገንዘብ ብዙ ነው፤ የሚጠፋውም የመበለትና የሙት ልጅ ገንዘብ ነው።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተደንግጎ ከቆየ ብዙ ዘመን አልፎታል። ስለዚህ የመምህርና የወታደር ቤተሰብ ጡረታ የሚባል ነገር እንዳለ ያውቃል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ይህን መብት ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ ይህም አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። ከሠራተኛው ደመወዝ በመቶ 7 ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ በመቶ 11 ይጨምርበታል። ከዚህ ቆላ ወጥቶ በኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ በመንገድ ሥራ ድርጅት፣ በእርሻ ልማት፣ በባንክ ጥበቃ የተቀጠረ ሰው ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ግን ከደመወዛቸው የሚቆረጠውን ግብር ነው ብለው ያስባሉ።

አንዲት እናት አውቃለሁ፤ ስማቸውን አልናገርም። ባለቤታቸው ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ የግል ድርጅት ዘበኛ ሆነው ሠርተው በድንገት አረፉ። ድርጅቱ የቀብር ወጪ ረዳ፤ ከሥራ ባልደረቦቻቸው የተዋጣውን ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ላከ፤ በዚህም ነገሩ አለቀ። ጡረታ ስለሚባል ነገር የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም። እናቲቱ ጠላ እየጠመቁ ሁለት ልጆች ያሳድጉ ጀመር።

ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ የጎረቤት ልጅ የሆነች አንዲት የክፍላችን ተማሪ ዕቃ ስታነሣሣላቸው በሙዳይ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ወረቀት አገኘች።

«እትዬ፣ ይህ ወረቀት ምንድር ነው?» አለቻቸው።

«ተይው ልጄ፣ የሱ የደመወዝ ወረቀት ነው። እጁ የነካው ስለ ሆነ መጣሉ አላስችል ብሎኝ ነው።»

«እትዬ፣ ‹የጡረታ መዋጮ› ይላል እኮ! በየወሩ ተቆርጧል።»

«መንግሥት የወሰደውን ማን ይመልሳል ልጄ?»

«ይመልሳል እንጂ! ለእርስዎና ለልጆቹ የተቀመጠ ነው።»

ልጅቱ ከዚያ በፊት ስለ ጡረታ የምታውቀው፣ በሲቪክስ ትምህርት ስለ ሠራተኛ መብት መምህራችን ሲናገሩ የሰማችውን ያህል ብቻ ነበር። በ2003ቱ አዋጅ መሠረት፣ አሥር ዓመት አገልግሎ የሞተ ሠራተኛ ሚስቱ ወይም ባሏ የጡረታውን 50 በመቶ፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። አሥር ዓመት ያልሞላውም ቢሆን ቤተሰቡ ባዶ እጁን አይመለስም፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ አለ። እናቲቱ የሞት ምስክር ወረቀት አወጡ፤ ከወረዳው ፍርድ ቤት የሚስትነትና የልጅነት ማስረጃ አወጡ፤ ከድርጅቱ የአገልግሎት ማስረጃ ለማግኘት ግን አምስት ጊዜ መመላለስ አስፈለጋቸው። በመጨረሻ ጡረታው ተወሰነላቸው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን የበኩር ልጃቸው ትምህርቱን ትቶ ወደ ሳውዲ ሊሄድ ከደላላ ጋር የተነጋገረውን ነገር ተወው። ዛሬ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ይህን ይሰማል፤ እንድናገርም የፈቀደልኝ እርሱ ነው።

መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ አንድ የውጭ አገር ታሪክ ልጨምር። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የወጣው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። በቬርሞንት ክፍለ ሀገር አይዳ ሜይ ፉለር የተባሉ የሕግ ቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። በ1939 እ.ኤ.አ. ለሌላ ጉዳይ ወደ ራትላንድ ከተማ ሲሄዱ፣ «ለሦስት ዓመት ያህል ከደመወዜ ሲቆረጥ ኖሯልና ነገሩ ምን እንደ ሆነ ልጠይቅ» ብለው ወደ ቢሮው ጎራ አሉ። ብዙም ተስፋ አድርገው አልነበረም። በጥር ወር 1940 እ.ኤ.አ. በመላው አሜሪካ የመጀመሪያው ወርኃዊ የጡረታ ቼክ በስማቸው ወጣ፤ ልኩም 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። እኒህ ሴት ከደመወዛቸው የተቆረጠው በጠቅላላው 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው፤ መቶ ዓመት ኖረው በ1975 እ.ኤ.አ. እስኪሞቱ ድረስ ግን ከሃያ ሁለት ሺህ ዶላር በላይ ተቀብለዋል። እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉ አይደርስም፤ ቢሆንም መነሻው በመንገድ ሲያልፉ የቀረበ አንድ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የድኻ ሰው ትልቁ ንብረት ወረቀት መሆኑን ነው። ወረቀት ደግሞ በእኛ አገር ብዙ ጠላት አለው፤ ምስጥ አለ፣ ጭስ አለ፣ ጎርፍ አለ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት እስከ ቆቦ ደርሶ በየመሥሪያ ቤቱ የነበረ መዝገብ ተበታተነ፤ ከየቤቱም ሰው ሲሸሽ ልጁን አዝሎ ሳጥኑን ትቶ ሸሸ። ንብረቱ የጠፋ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገለበት ማስረጃ የጠፋበት ሰው ግን ሰላሳውን ዓመት እንደገና ሊያገለግል አይችልም። እንዲህ ያለ ሰው ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ሌላ ቦታ የቀረ ግልባጭ እንዳለ ቢያስብ መልካም ነው፤ የደመወዝ መዝገብ ግልባጭ በዞን፣ የጡረታ መዋጮ በጡረታ አስተዳደሩ ዘንድ፣ የደመወዝ ሒሳብ በባንክ ይገኛል።

ስለ ልደትና ስለ ሞት ምዝገባም ሁለት ቃል ልናገር። በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ሕጉ ያዝዛል። እኛ ግን ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንጥላለን፣ ሠልስትና አርባ እናወጣለን፣ ሶደቃ እናደርጋለን፤ ቀበሌ መሄድ ግን ለሟቹ ክብር የማይገባ ይመስለናል። ከስንት ዓመት በኋላ ውርስ ወይም ጡረታ ሲመጣ ሦስት ምስክር ፍለጋ አገር ለአገር እንዞራለን። የዕድር ጸሐፊዎች በአርባው ላይ «ሞቱ ተመዝግቧል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይከፋል?

የመሬት ይዞታ ደብተርም እንዲሁ ነው። የባልና የሚስት ስም በአንድነት መጻፉን እናቶች በዓይናችሁ እዩ። መሬት ለመንገድ ወይም ለሌላ የሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሣ የሚታሰበው በይዞታው ማስረጃ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት በቋሚነት ለሚነሣና ምትክ መሬት ላላገኘ የገጠር ባለይዞታ የሚሰጠው የልማት ተነሺ ካሣ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከመሬቱ ካገኘው ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ ነው። ከዚህ ቀደም በነበረው ሕግ ብዜቱ 10 ነበር። ይህን የማያውቅ ገበሬ የቀረበለትን ቁጥር «ይሁን» ብሎ በጣቱ ይፈርማል።

ከመሥሪያ ቤት ደጅ ስለሚቆሙ ደላሎች ዝም ብል ደግሞ ንግግሬ ይጎድላል። ማመልከቻ ጽፎ የድካሙን ዋጋ የሚቀበል ጸሐፊ ሐቀኛ ሠራተኛ ነው፤ እርሱን አልነካም። እኔ የምናገረው በነፃ የሚሰጠውን ነገር ስለሚሸጠው ሰው ነው። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ በነፃ ነው፤ የሴፍቲኔት መዝገብ በነፃ ነው፤ አቤቱታ ማቅረብ በነፃ ነው። በነዚህ ላይ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው፣ የሰውየው አለማወቅ ባይኖር ኖሮ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። ይህን ሰው በወቀሳ ከምንመልሰው፣ የሚሸጠውን ዕቃ በነፃ በየመንደሩ ብንበትነው ሱቁን ቶሎ ይዘጋል።

እንግሊዞች ያደረጉት እንዲህ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመስከረም 1939 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በአንድ ሰሞን 200 ያህል የዜጎች ምክር ቢሮዎች ተከፈቱ። ቤቱ የፈረሰበት፣ ባሏ የዘመተባት፣ የራሽን ደብተሩ የጠፋበት ሁሉ እየመጣ ይጠይቅ ነበር። አብዛኞቹ መልስ ሰጪዎች ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ተራ ሰዎች ነበሩ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ሥራው ስላላለቀ እስከ ዛሬ አለ። ያን ያህል ሕግና ቢሮ ባለበት አገር እንኳ ሕዝቡ ወረቀት የሚያነብለት ሰው ካስፈለገው፣ እኛ ብንፈልግ ምን ይገርማል?

እንግዲህ የእኛ አሳብ እንዲህ ነው፤ ርእሰ መምህራችንም ሰምተው አልተቃወሙንም። በገበያ ቀን ጧት፣ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አንድ ጠረጴዛ እናኖራለን። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየተራ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንድ መምህርም ይቆጣጠሩናል። የሥራችን ልክ ይህ ነው፤ የመጣውን ወረቀት እናነባለን፣ ምን እንደሚል ባለቤቱ በሚገባው አማርኛ እንናገራለን፣ ወዴት ቢሮ እንደሚኬድና ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ በትንሽ ወረቀት ጽፈን እንሰጣለን፣ ማመልከቻ ካስፈለገ እንጽፋለን። «አመልካች»፣ «ተጠሪ»፣ «አባሪ»፣ «ግልባጭ» የሚሉት ቃላት ሰው የሚያስፈራሩት እስኪተረጎሙ ድረስ ብቻ ነው።

የማናደርገውንም እንናገር። ገንዘብ አንቀበልም፤ እንቁላልም ቢሆን። ያልሆነውን ሆነ ብለን አንጽፍም፤ ከብት ያለው ሰው ከብት የለኝም ብላችሁ ጻፉልኝ ቢል እንመልሰዋለን፤ የእርሱ ስም በመዝገብ ሲገባ የአንዲት አሮጊት ስም ይወጣልና። የማናውቀውን ነገር እናውቃለን አንልም፤ ለሚቀጥለው ገበያ ጠይቀን እንመልሳለን። የሰው ምሥጢር ያየ ልጅ በመንደር ቢያወራ ከጠረጴዛው ይነሣል።

ከወላጆች የምንለምነው ጥቂት ነው። በቤታችሁ ከሙዳይ፣ ከሳጥን፣ ከትራስ ሥር ያለውን ወረቀት ሁሉ በዚህ ሳምንት አውጥታችሁ ልጆቻችሁ እንዲያነቡላችሁ አድርጉ። በመንደራችሁ ስብሰባ መውጣት የማይችል ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ ስማቸውን ላኩብን፤ እኛ እንሄዳለን። ወደ ጠረጴዛው ስትመጡ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጤና መድን ወይም የሴፍቲኔት ካርድ ካለ ካርዱን፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ያዙ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ግን ዋናውን እቤት አስቀምጣችሁ ፎቶ ኮፒውን አምጡ፤ ፎቶ ኮፒ ማስነሣት ያልተቻለው ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይምጣ፤ በፊቱ አንብበን እዚያው እንመልስለታለን።